መስመሩ ወዴት ይሄዳል?

ከሀና ማርያም እስከ ስድስት ኪሎ፦ ረቂቅ ሥዕልን በመስመር፣ በምትና በእንቅስቃሴ ማየት

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሀና ማርያም ታክሲ ተራ ላይ ሰልፉ ከመንገዱ ጠርዝ ይጀምርና ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሄዳል። ረዳቶቹ "ሳሪስ! ሳሪስ!"፣ "ጎፋ! ሜክሲኮ!" እያሉ ይጣራሉ። አንዱ ሚኒባስ ሞልቶ ሲነሳ ሰልፉ ጥቂት እርምጃ ወደፊት ይሳባል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሳባል። ባጃጆች በክፍተቱ ሁሉ እየተሹለከለኩ ያልፋሉ። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነው፤ የነጠላው ጥለት ከእርምጃቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ከመንገዱ ማዶ ያላለቀ ፎቅ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቧል። ከላይ የመብራትና የስልክ ሽቦዎች ከምሰሶ ምሰሶ ረገብ ብለው ይሻገራሉ። ከሁሉም ኋላ የፉሪ ተራራ ሰማዩን በአንድ ረጅም ጉብታ ይከፍለዋል።

ሰዎቹን፣ ተሽከርካሪዎቹንና ሕንፃዎቹን ለአፍታ ከዓይናችን እናንሳቸው። የሰልፉ መታጠፍና መሳብ ይቀራል። የባጃጆቹ ጥምዝምዝ፣ የጥለቱ ከፍ ዝቅ፣ የመወጣጫው ቋሚና አግዳሚ፣ የሽቦዎቹ መርገብ፣ የተራራው ጉብታ ይቀራሉ። መስመር፣ ምትና እንቅስቃሴ ይቀራሉ ማለት ነው። ረቂቅ ሥዕል የሚሠራው በዚህ በሚቀረው ነገር ነው።

ሆኖም በአዲስ አበባ የሥዕል ዓውደ ርዕዮች ከረቂቅ ሥዕል ፊት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥያቄ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" የሚል ነው። ጠያቂው ሰው፣ ቤት ወይም ዛፍ ፈልጎ ያጣል፤ ሥዕሉም ለተማሩ ሰዎች ብቻ የተሠራ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው ብሎ ትቶት ይሄዳል። ይህ ዘገባ ግን ረቂቅ ሥዕልን የሚያይ ዓይን እዚህ አገር ነባር ነው ይላል። በዜማው፣ በብራናውና በሸማው ውስጥ ለዘመናት ኖሯል። ሠዓሊዎቻችንም ወደ ሸራ ያመጡት ይህንኑ ነው። የጎደለው ጥያቄውን መለወጥ ብቻ ነው፤ "ምንድን ነው?" ከማለት ይልቅ "መስመሩ ወዴት ይሄዳል?" ብሎ መጠየቅ።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱ መሣሪያዎች

መስመር እጅ ያለፈበት ዱካ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር የመቆም፣ የተጋደመ የማረፍ ስሜት ይሰጣል። ሰያፍ መስመር ለመውደቅ ወይም ለመሮጥ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ዓይንን የማያሳርፈውም ለዚህ ነው። መስመር ፍጥነትንም ይመዘግባል። ብሩሽ በፍጥነት ሲያልፍ ቀለሙ ሸራውን ሙሉ ለሙሉ ሳይሸፍን፣ እየተቆራረጠና እየሳሳ ይሄዳል። በዝግታ ሲጎተት ደግሞ ወፍሮና ሞልቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ሥዕሉን በጥሞና ያየ ሰው ሠዓሊው የት ቦታ እንደቸኮለና የት እንደተረጋጋ ከዓመታት በኋላም መለየት ይችላል።

ምት ከድግግሞሽና ከክፍተት ይወለዳል። እኩል እኩል የተራራቁ መስመሮች የወታደር እርምጃ ይሆናሉ። ክፍተቱ አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ሲል ግን ዓይን መጠበቅ ይጀምራል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ይገምታል፣ ሲሳሳትም ይደሰታል። ከበሮ የሚያዳምጥ ጆሮ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ባዶው ቦታ የቀለሙን ያህል ሥራ አለው።

እንቅስቃሴ ሦስተኛው ነው። ሸራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይነቃነቅም፤ የሚንቀሳቀሰው የተመልካቹ ዓይን ነው። ዓይን መጀመሪያ ወደ ደማቁ፣ ወደ ጥቅጥቁ ይሳባል፤ ከዚያ የመስመሩን አቅጣጫ ይከተላል። ብልህ ሠዓሊ ዓይናችን በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ያሰላል፤ የት እንደሚያደክመው፣ የት እንደሚያሳርፈውም ያውቃል።

በአውሮፓ ይህን በሥዕልም በጽሑፍም ያሳዩ ሠዓሊዎች አሉ። የስዊድኗ ሂልማ አፍ ክሊንት ከ1906 ጀምሮ ምንም ዓይነት ቁስ የማይታይባቸው ሥዕሎች ሠርታለች። ሩሲያዊው ካንዲንስኪ በ1926 ባሳተመው መጽሐፉ ነጥብና መስመር በሸራ ላይ ምን እንደሚሠሩ አንድ በአንድ ተንትኗል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፓውል ክሌ ለባውሃውስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ባዘጋጀው መማሪያ መስመርን ለሽርሽር እንደወጣ ተጓዥ አድርጎ አቅርቦታል። ሆላንዳዊው ሞንድሪያን በ1940 ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ የከተማዋን ጎዳናዎችና የቡጊ ዉጊ ሙዚቃ ምት አዋሕዶ በ1942 እና 1943 መካከል የሠራው ሥዕል ዛሬም እዚያው ከተማ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያል። የመንገድ መጨናነቅ ወደ ሥዕል ሲለወጥ ማየት ለሚፈልግ ያ ሸራ አንድ ምስክር ነው።

ከሸራው በፊት የነበረው

ወደ ሀና ማርያም እንመለስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ወር በገባ በ21 የማርያም ዕለት ምእመኑ ነጭ ለብሶ ወደዚያው ይጎርፋል። በዓል ሲሆን ደግሞ ማኅሌት ይቆማል። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ትይዩ ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ ከበሮ በዝግታ ይወጣል። በዝማሜው መቋሚያዎቹ በአንድነት ዘንበል ቀና ይላሉ። በመረግዱ ከበሮው ይገባል፣ ጸናጽሉ ይከተላል። በጽፋቱ ጭብጨባው ይታከልና ምቱ ይፈጥናል፤ ወረቡ ሲደርስ ረድፎቹ ወደፊት ይገፋሉ፣ ወደኋላ ይመለሳሉ። ነጭ የለበሱ ቋሚ አካላት፣ በእጃቸው የያዟቸው ሰያፍ መቋሚያዎች፣ እየጠበበ የሚሄድ ክፍተት፦ መስመር፣ ምትና እንቅስቃሴ በአንድ ላይ ይታያሉ።

ይህ እንቅስቃሴ በጽሑፍም ተቀርጿል። የዜማው አባት በስድስተኛው መቶ ዘመን የኖረው ቅዱስ ያሬድ ነው፤ የዜማውን ምልክቶች ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ድጓውን፣ ማለትም የዜማውን መጽሐፍ፣ የከፈተ ሰው ከቃላቱ በላይ ነጥቦች፣ ቅስቶችና አጫጭር ጭረቶች ተሰድረው ያያል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። እያንዳንዳቸው ድምፁ ሲያዝ፣ ሲወርድ፣ ሲነሳ፣ ሲቆረጥ ምን እንደሚያደርግ ያሳያሉ። የሰው፣ የዛፍ ወይም የቤት ሥዕል አይደሉም፤ የድምፅን ጉዞ የሚያሳዩ መስመሮች ናቸው። ዜማ ለማንበብ የተማረ ሰው ረቂቅ መስመርን ለማንበብ የሚጎድለው ነገር ጥቂት ነው።

በብራና መጻሕፍቱ የምዕራፍ አናት ላይ የሚሠራው ሐረግም እንዲሁ ነው። ክሮቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ከላይ ያለፈው ከታች ይገባል፣ ከታች የገባው ከላይ ይወጣል፣ ዓይንም መጨረሻውን ፍለጋ ይዞራል። ደብተራዎች በሚጽፉት ክታብ ላይ ደግሞ ዓይኖች፣ ኮከቦችና የተቆላለፉ መስመሮች ይሣላሉ። ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ታስቦ ነው። ሥዕሉ በአካል ልክ ሲለካ፣ መስመሩ ከሰው ሕይወት ጋር በቀጥታ ይያያዛል።

ሸማኔውም አለ። ድሩ በቁመት ተወጥሮ ማጉ በመወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ፣ እጅና እግር በአንድ ምት ይሠራሉ። ጥለቱን የሚያወጣው የክሮቹ ቆጠራ ነው፤ ስንቱ ይነሳል፣ ስንቱ ይተኛል። በማለዳ መንገድ ላይ ያየናቸው እናቶች በትከሻቸው የያዙት ይህን ስሌት ነው።

ከሐረር የመጣው ሠዓሊ

ይህንን ቅርስ ከዘመናዊው ሸራ ጋር ካገናኙት ቀዳሚዎች አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ብራና ጽፈው በሐረግና በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ መስመርን ያወቀው ከአባቱ ብዕር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ጀርመን ሄዶ በኮሎኝ ተማረ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በመሥራቹ ስም አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይባላል።

በጊዜው ሥራዎቹ ሁሉን አላስደሰቱም። ሥዕሉ ከጀርመን የተቀዳ ነው፣ የኢትዮጵያ ሽታ የለውም የሚሉ ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ግን ገፋበት። በ1963 የሠራው "ጎልጎታ" የስቅለትን ሥቃይ በቀይ ቀለም ያስተናገደ ነው። በ1966 በሠራው አረንጓዴ ረቂቅ ሥዕል ደግሞ ታሪክም ሰውም የለም፤ ቀለሙ ራሱ ይናገራል። የድሃ ሰፈር የቆርቆሮ ቤቶችን ሲሥል ጣሪያና ግድግዳው ወደ ማዕዘንና ወደ መስመር ይለወጣል፤ ነገር ግን ጭንቁ፣ መጠጋጋቱና መደጋገፉ አይጠፋም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። ከሠዓሊነቱ እኩል በገጣሚነቱ የሚታወቅ ሰው ነበርና የቃል ምትና የብሩሽ ምት በእሱ ዘንድ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ነበሩ።

በስደት ሳለ በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። በጀርመን የቀሩት ሥራዎቹ ወደ አገር ቤት ተመልሰው በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስድስት ኪሎ አካባቢ በተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ ይገኛሉ። ሰውየው አልተመለሰም፤ መስመሩ ተመልሷል።

ክታቡ፣ ፊደሉ፣ ቀርከሃው

እስክንድር ቦጎሲያን በ1937 በአዲስ አበባ ተወልዶ በ1955 ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደ። በፓሪስ የክሌን፣ የኩባውን ዊፍሬዶ ላምን፣ የቺሊውን ማታን ሥራዎች አየ፤ ያየው ሁሉ ግን ወደ ክታቡና ወደ ብራናው መለሰው። በ1964 የሠራውን አንድ ሥዕል የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገዝቶታል። በ1966 አገሩ ተመልሶ ለጥቂት ዓመታት አስተማረ፤ በኋላም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት መምህር ሆኖ በ2003 አረፈ። በሥዕሎቹ ውስጥ ክንፍ፣ ዓይንና እባብ መሰል ቅርጾች ከጨለማ ብቅ ይሉና ተመልሰው በመስመር ውስጥ ይጠፋሉ። ተመልካቹ ይዟቸው ለመቆየት አይችልም፤ አብሯቸው መጓዝ ብቻ ነው ያለው።

በሃዋርድ ከእስክንድር ጋር ያጠናው ወሰኔ ኮስሮፍ ደግሞ ፊደልን ወደ ሸራ አመጣ። ወሰኔ ፊደሎቹን ይዘቅዝቃቸዋል፣ ይሰብራቸዋል፣ ይለጥጣቸዋል። የጃዝ ወዳጅ ነውና በአንድ ሥዕል ውስጥ አንዱ ፊደል ተደጋግሞ፣ በየድግግሞሹም ተለውጦ ይታያል። አማርኛ አንባቢ እነዚህ ሥዕሎች ፊት ሲቆም መጀመሪያ ለማንበብ ይሞክራል። ቃል አያገኝም፤ ግን "ሀ" ቆሞ፣ "ጨ" ተሸክሞ፣ "ሠ" ተደግፎ ያገኛቸዋል። ከልጅነት ጀምሮ በእጃችን ስንጽፋቸው የኖርናቸው ፊደላት የራሳቸው ቁመትና አካሄድ እንዳላቸው ያን ጊዜ እናስተውላለን።

ዘሪሁን የትምጌታ አገር ቤት ቆይቶ ሌላ መንገድ ቀየሰ። የሸማኔ ዕቃ ከሚሠራበት ቀርከሃ የተሰነጠቁ ቀጫጭን ዘንጎችን ጎን ለጎን ደርድሮ በላያቸው ይሥላል። ስለዚህ ሥዕሉ ገና ቀለም ሳይነካው ምት አለው፤ የቀርከሃው ስንጥቆች ቋሚ መስመሮች ናቸው። በ1992 በዳካር ቢየናሌ ሽልማት አግኝቷል።

ጎረቤት መካኒሳ

ሀና ማርያም ያለችበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በዓለም የሥነ ጥበብ ካርታ ላይ የራሱ ስፍራ አለው። መካኒሳ ላይ በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም የሠዓሊ ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ አጋፋሪዋ መስከረም አሰግድ ሥራ ነው። ስሙ የተወሰደው በወጣትነቷ በካንሰር ካለፈች ዞማ ሽፈራው ከምትባል ሠዓሊ ነው። ግድግዳዎቹ ጭቃና ጭድ ተቦክቶ በነባሩ የአገር ግንባታ ጥበብ የቆሙ ናቸው። ጭቃው ሳይደርቅ በእጅ እየተቀረጸ ማዕበል፣ ቀለበትና ጠመዝማዛ መስመር ወጥቶለታል። ፀሐይ ስትዞር ጥላው ይዞራል፤ ግድግዳው ከማለዳ እስከ ማታ መልኩን ይለዋውጣል።

ኤልያስ በ1968 በአዲስ አበባ የተወለደ ሲሆን በዓለም ዘንድ በይበልጥ የሚታወቀው በሽቦ ሥራዎቹ ነው። ከመርካቶ የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን፣ የቁልፍ ሰሌዳዎችንና ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ይገዛል። ሽቦዎቹን እየጎነጎነ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በምስማር ይመታቸዋል፤ ሰሌዳዎቹ ተገጣጥመው ግድግዳ የሚያህል ሥራ ይሆናሉ። ከሩቅ ያየ ሰው ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ወይም ወንዝ ያገኛል። ሲጠጋ እያንዳንዱ መስመር አንድ ቀን የሰው ድምፅ፣ መልእክት ወይም ብርሃን ያለፈበት ሽቦ መሆኑን ያያል። በሀና ማርያም ምሰሶዎች ላይ ረግበው የምናያቸው ሽቦዎች ነገ የሚደርሱበት ቦታ እዚያ ሊሆን ይችላል። በ2022 የቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዓውደ ርዕይ ላይ የኤልያስ ሥራዎች ቀርበዋል። በዚያው ዓውደ ርዕይ የአለ ትምህርት ቤት ምሩቋ መሪኮከብ ብርሃኑም ነበረች፤ በእሷ ሥዕሎች ውስጥ ሕዋስ፣ ዘርና ሥር መሰል ቅርጾች በመስመር ተያይዘው ይበቅላሉ።

የሕዝብ እንቅስቃሴ

በመስመር እንቅስቃሴን በመግለጽ ዛሬ በዓለም ከሚጠሩት ግንባር ቀደሞች አንዷ ጁሊ ምሕረቱ ናት። በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በሰባት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች። አባቷ የጂኦግራፊ ምሁር ናቸው፤ በሥዕሎቿም ካርታ፣ የከተማ ፕላን፣ የኤርፖርትና የስታዲየም ንድፍ ይገኛሉ። አሠራሯ በንብርብር ነው። የሕንፃ ንድፉን በቀጭን መስመር ትሥላለች፣ ብርሃን በሚያሳልፍ አክሪሊክ ትሸፍነዋለች፣ ታለሰልሰዋለች፣ ከዚያ በላዩ እንደገና ትሥላለች። ከላይ ያሉት አጫጭር ጭረቶች ሰዎች ይመስላሉ፤ ይሰበሰባሉ፣ ይበተናሉ፣ ይሰደዳሉ። ከሥር ያለው ፕላን መንግሥትና መሐንዲስ ያሰቡት ከተማ ነው፤ ከላይ ያለው ጭረት ደግሞ ሕዝብ የኖረው ከተማ ነው።

ከሥራዎቿ አንዱ፣ በ2009 በኒው ዮርክ ለአንድ ባንክ ሕንፃ የሠራችው፣ ወደ 24 ሜትር ይረዝማል። በ2008 የሠራችው ሌላ ሥዕል በ2023 በጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ለኛ ከዋጋው ይልቅ የሚበልጠው በ2016 ሥራዎቿን ይዛ ወደ ተወለደችበት ከተማ መጥታ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ማሳየቷ ነው። ሥዕሏን ከሀና ማርያም ታክሲ ተራ የመጣ ሰው ሊረዳው ይችላል፤ በፕላን የተሠመረ መንገድና በእግር የተፈጠረ መንገድ ያላቸውን ልዩነት በየቀኑ ይረግጠዋልና።

ዓይንን ማሠልጠን

ረቂቅ ሥዕል ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም፤ ጊዜ ያስፈልጋል። ሥዕሉ ፊት ቆም ይበሉ። በቅድሚያ ዓይንዎ የት እንዳረፈ ልብ ይበሉ። ከዚያ አንዱን መስመር መርጠው እስከ መጨረሻው ይከተሉት፤ የት እንደቸኮለ፣ የት እንደተሰበረ፣ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሆነ ይዩ። ባዶውን ቦታም ይዩ። ጥቂት ጠጋ ብለው የብሩሹን ዱካ፣ ጥቂት ራቅ ብለው ሙሉውን ይመልከቱ። በመጨረሻ ሰውነትዎን ይጠይቁት፦ ይህ ሥዕል ያስሮጣል፣ ያስቀምጣል ወይስ ያስዘምራል? መልሱ ከጎረቤትዎ መልስ ቢለይ ስሕተት አይደለም፤ ከሥዕሉ ላይ ማሳየት ከቻሉ መልስ ነው።

ይህ ትምህርት በይበልጥ የሚያስፈልገው ለልጆች ነው። ልጅ ማንም ሳያስተምረው በጠመኔ፣ በከሰል፣ በእንጨት ጫፍ መሬት ላይ መስመር ይጭራል። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን "አበባ ሣል፣ ባንዲራ ሣል" ተብሎ ያ ነፃ መስመር ይቋረጣል። መምህራን የሚያደርጉት ቀላል ነው። ከበሮ እየተመታ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በወረቀት ላይ ምቱን በእርሳስ ይከተሉት። በማግስቱ የታክሲ ሰልፉን ሰው ሳይሥሉበት ይሣሉት። የእናታቸውን ጥለት ቆጥረው ይገልብጡት። ወጪው እርሳስና ወረቀት ነው፤ የሚያስገኘው ግን የሚያስተውል ዓይን ነው። የሚያስተውል ዓይን ደግሞ ለሐኪምም፣ ለመሐንዲስም፣ ለሹፌርም ይጠቅማል።

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ትምህርት ቤቶች ዕድለኞች ናቸው፤ ዞማ ሙዚየም በክፍለ ከተማቸው ውስጥ አለ፣ የገብረ ክርስቶስ ሥራዎችም በዚሁ ከተማ ስድስት ኪሎ ይገኛሉ። ርዕሳነ መምህራን በዓመቱ የትምህርት ዕቅዳቸው ውስጥ አንድ ጉብኝት ያስገቡ። ወላጆችም በአንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሥዕሉ ፊት ስትቆሙም "ምንድን ነው?" ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ "መስመሩ ወዴት ይሄዳል?" በሏቸውና መልሳቸውን አድምጡ።